በታች በኩል የሚያዋስነው

ታዘበው ሞጣ የገባው ነሐሴ አሥራ ሰባት፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ነው። «ቶሎ ድረስልኝ» የሚል መልእክት ከልጁ መጥቶበት ነበር። ሰው «ቶሎ ድረስ» ተብሎ ሲላክበት መቼም ደግ ነገር አያስብም። ታዘበውም ሁለት ቀን ሙሉ በዝናብ ሲጓዝ አንዴ ልጁን ገንዞ ቀብሮ፣ አንዴ ከአንዱ ጎረምሳ ጋር አስኮብልሎ፣ በሐሳቡ ያላደረሰባት መከራ የለም።

ስሜነሽ ግን ከአክስቷ ደጃፍ ደህና ቆማ ጠበቀችው። አልታመመችም፤ አልኮበለለችም። እጇ ላይ አንድ ወረቀት ይዛለች።

«አባየ፣ አለፍኩ» አለችው ጉልበቱን ስማ።

«ምኑን?»

«የሐኪምነቱን ትምህርት። አዲስ አበባ። ተቀብለውኛል፤ የጎደለው አንድ ወረቀት ብቻ ነው።»

ታዘበው ወደ ሰማይ አይቶ አመሰገነ። ሽማግሌነቱን ረስቶ እልል ሊልም ቃጥቶት ነበር። ከዚያ የጎደለው ወረቀት ምን እንደ ሆነ ሲሰማ ደስታው ከጉሮሮው ሳይወርድ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሐኪምነቱ ትምህርት ቤት በዚያ ዓመት ከየአውራጃው አንዳንድ ተማሪ ሊቀበል ወስኗል። የሚላከው ልጅ ግን የዚያው አውራጃ ነዋሪ መሆን አለበት፤ ወላጆቹ እዚያው የተጻፉ፣ ራሱም ተምሮ ሲጨርስ እዚያው ተመልሶ የሚያክም። ሕጉ ክፉ አልነበረም። ከተሜ በገጠር ስም ገብቶ፣ ተምሮ፣ ከተማ ሲቀር ያየ ሰው ያወጣው ሕግ ነው። ችግሩ ደግ ሕግም ቢሆን የሚሄደው በወረቀት መሆኑ ነው፤ ወረቀት ደግሞ የሚያውቀው የተጻፈውን ብቻ ነው።

ስሜነሽ ሞጣ ላይ ስድስት ዓመት ከአክስቷ ቤት ሆና ተምራለች። የሞጣው ጽሕፈት ቤት ግን «እዚህ ተማርሽ እንጂ እዚህ አልኖርሽም፤ አባትሽ ያለው ብቸና አውራጃ ነው፣ ከዚያ አጽፊ» ብሎ መለሳት። የሞጣውን ቦታ አንድ የሞጣ ልጅ ይዞታል። ደግነቱ ከብቸና ፈተናውን ያለፈ ስላልተገኘ፣ የብቸናው ቦታ ባዶውን ተቀምጦ ሰው ይጠብቃል። የሚጠብቀው ግን እስከ ማክሰኞ ነሐሴ ሃያ ሦስት ነው። በዚያ ቀን ጠዋት የነዋሪነት ማስረጃዋን ይዛ ከብቸና በጭነት መኪና ወደ ደብረ ማርቆስ ካልተነሣች ቦታው ለሌላ አውራጃ ይሰጣል።

«ዓርብ ማታ ብቸና እንገባለን፤ ቅዳሜ ጠዋት አስጽፈን እንገላገላለን» አለች ስሜነሽ። ፊቷ በርቷል።

ታዘበው «እግዜር ያውቃል» ብቻ አለ። የቀረበለትን እራት እያገላበጠ ተወውና «መንገዱ አድክሞኝ ነው» ብሎ ዋሸ። መንገዱ አላደከመውም። የፈራው መዝገቡን ነው።

የታዘበው አገር አፋፍ ሚካኤል ይባላል፤ ከብቸና የግማሽ ቀን መንገድ ሄዶ፣ ዐባይ በረሃ አፋፍ ላይ የተቀመጠ አጥቢያ ነው። ከአራት ዓመት በፊት፣ በስድሳ ዓመተ ምሕረት፣ አዲስ የእርሻ ግብር ታወጀና ሰውና መሬት የሚጽፍ ቆጣሪ ይመጣል ተባለ። አገሩ ተነሣ፤ አፋፍ ሚካኤልም የአቅሙን ተነሣ። «ዛሬ ስማችሁን ስጡን ይላሉ፣ ነገ መሬቱን ይለካሉ፣ ከነገ ወዲያ ርስቱ የእነሱ ነው» ተባለ። እውነት ይሁን ውሸት ቆሞ የጠየቀ አልነበረም። ወንዱ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ተሰብስቦ ማለ። ቃሉን አሰማምሮ ያዘጋጀው፣ እየመራም ያስማለው፣ ሌላ ማንም ሳይሆን አፈ ጮሌው ታዘበው ነበር፦

«ስሙን ለጸሐፊ የሰጠ፣ የጎረቤቱንም ስም ያስጻፈ፣ ሲታመም ቃሬዛ የሚያነሣለት አይኑር፤ ሲሞት ጉድጓድ የሚምስለት አይኑር።»

ሰው ሁሉ «አይኑር!» አለ። ታዘበው ያን ቀን በቃሉ ማማር ኮርቶ ወደ ቤቱ ገባ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። ቆጣሪው መጣ፤ ስሙን የሰጠ ጠፋ፤ ግርግር ሆነ፤ ጥይት ተተኮሰ። ማን እንደ ተኮሳት እስከ ዛሬ ያልታወቀች አንዲት ጥይት የወልደ ሰንበትን ልጅ ባዘዘውን ጣለችው። ጢሙ ገና አላቀመቀመም ነበር። ቆጣሪው ሳይጽፍ ተመለሰ፤ አፋፍ ሚካኤልም አሸነፍን ብሎ ተቀመጠ።

ስሜነሽ ያን ጊዜ ሞጣ ነበረች። ግርግሩን ሰምታለች፤ የባዘዘውንም ሞት ሰምታ አልቅሳለች፤ አብሮ አደጓ ነው። መሐላውን ግን ማንም አልነገራትም። ሐሙስና ዓርብ በመንገድ ላይ አባቷ ሊነግራት አሥር ጊዜ አፉን ከፈተ፤ አሥር ጊዜም ስለ ጭቃው አወራ። ወንዝ ሞልቶ ግማሽ ቀን ዳር ላይ ሲያስቀምጣቸው፣ እሷ የቀሩትን ቀናት በጣቷ እየቆጠረች ትቁነጠነጣለች፤ እሱ ደግሞ በልቡ «ምነው ሳይጎድል በሰነበተ» ይላል። ወዲያው በራሱ አፈረ። አባት ሆኖ በልጁ ላይ ውኃ እንዲሞላ የሚለምን ምን ዓይነት አባት ነው?

ቅዳሜ ጠዋት የመዝገብ ቤቱን ጸሐፊ አቶ ሣህለ ማርያምን ሻዩን ሳይጨርስ ደረሱበት። ከሸዋ ተመድቦ የመጣ፣ ክፋት የሌለበት፣ ግን ምላሱ የሚያሳክከው ሰው ነው። ወረቀቷን አነበበና ተነሥቶ ጨበጣት። «ከዚህ አውራጃ ሴት ሐኪም!» አለ፤ ከልቡ ደስ ብሎታል። ከዚያ ትልቁን መዝገብ ከመደርደሪያ አውርዶ ገለጠ፣ ገለጠና ቆመ።

«አፋፍ ሚካኤል ነው ያልሽኝ?»

«አዎ።»

መዝገቡን ወደ እሷ አዞረው። ገጹ አናት ላይ የአጥቢያው ስም አለ። ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል፦ «ነዋሪ አልቀረበም»። የቀረው ነጭ ነው።

«በመዝገቡ መሠረት እዚያ ሰው አይኖርም» አለ ሣህለ ማርያም። «ዝንጀሮ ይኑር አይኑር አላውቅም።»

«እኔ ፊትዎ ቆሜ?»

«እኔማ አይሻለሁ፣ እህቴ። መዝገቡ ነው የማያይሽ። የሌለ አገር ነዋሪ ናት ብዬ ብፈርም ደብረ ማርቆስ ላይ ይመልሱሻል።» ወደ ታዘበው ዞረ። «አባባ፣ መላ አለው። እርስዎ ስምዎንና አንድ ማሳ ያስጽፉ። አንድ ይበቃል፤ ሁሉንም አልልዎትም። ከአራቱ አዋሳኞች ስም ጋር። ያን ጊዜ እርስዎ ነዋሪ ነዎት፤ እርስዎ ነዋሪ ከሆኑ ልጅዎም ናት። አሁኑኑ እንጻፈው?»

ብዕሩን ቀለም ነክሮ ጠበቀ። ታዘበው የብዕሩን ጫፍ አየ። አዋሳኝ ሆኖ የተጻፈ ሰው ነገ ራሱ ባለተራ እንደሚሆን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም፤ የአንዱ ስም የአራቱን ይጎትታል፣ የአራቱ የአሥራ ስድስቱን። መሐላው የተማለው ለዚሁ ነበር።

«ሰኞ እመለሳለሁ፣ ጌታዬ» አለ።

ስሜነሽ ደንግጣ ዞረች። «ምን ጎድሎ ነው?»

«ሰኞ አልኩሽ!»

ደጅ ወጥተው ከጽሕፈት ቤቱ ክዳን ሥር ተጠልለው ነገራት። ቃሉን ሁለት ጊዜ አስደገመችው።

«ቃሬዛ የሚያነሣለት አይኑር? ቃሬዛ ነው ያሉት?»

«ቃሬዛ ነው ያልኩት።»

ወደ ክሊኒኩ መንገድ ዞራ አየች። ለምን እንዳየች አልጠፋውም። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ እናቷን ምጥ ሁለት ቀን ሲያሰቃያት፣ የአፋፍ ሚካኤል ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው ብቸና ክሊኒክ ድረስ ሮጠው ነበር። ከፊት ወልደ ሰንበት፣ ከኋላ ታዘበው። ስሜነሽ በባዶ ሆዷ ከጎን ከጎን ስትሮጥ ዋለች። ሕፃኑ መንገድ ላይ ሞተ፤ እናቲቱ ተረፈች። «ሐኪም እሆናለሁ» ያለችው ያን ቀን ነው፤ ሰው የልጅ ወሬ ብሎ ሳቀ።

«እንግዲያ ይቅርብኝ» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ ግን እንዲቀርባት የምትፈልግ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ማታውኑ አፋፍ ሚካኤል ገቡ። ሚስቱ ታንጉት ነገሩን ስትሰማ አላለቀሰችም። ታንጉት የምታለቅሰው ለለቅሶ ብቻ ነው።

«እህሳ!» አለችው። «ያን ቀን ቃልህን ይዘህ መጥተህ እዚህ ደጃፍ ላይ ስታሰማኝ፣ አንተ ሰው፣ ልጅ አለህ፣ የነገውን ምን ታውቃለህ፣ አላልኩህም?»

«ብለሻል።»

«አሳጥረው አላልኩህም?»

«ብለሻል አልኩሽ እኮ።»

«በል ያሰርኸው አንተ ነህ፣ ፍታው።»

ታዘበው መደቡ ላይ ተቀምጦ ማሳዎቹን አንድ በአንድ በሐሳቡ ዞራቸው። ይሄኛው አራት ጎረቤት አለው፤ ያኛው ሦስት። በመጨረሻ ከእናቱ የወረሳት አንዲት ቁራጭ ትዝ አለችው። አፋፉ ጫፍ ላይ ናት፤ ጤፍ ከምታበቅል ድንጋይ የምታበቅለው ይበልጣል። በላይ የቤተ ክርስቲያኑ ደን ነው። በቀኝ ወንዝ፣ በግራ ገደል። ገደልና ወንዝ አልማሉም፤ ደኑም የሚካኤል ነው። ልቡ ቀለል ሊለው ሲል በታች በኩል ያለው ታየው። በታች በኩል የወልደ ሰንበት ማሳ ነው። አገር ምድሩ ተፈልጎ አንድ ሰው ብቻ የሚያዋስነው መሬት ቢገኝ፣ ያ አንድ ሰው ወልደ ሰንበት ይሁን?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ ቆመ። ዳቦው ተቆርሷል፣ ጠላው ተቀድቷል። ታዘበው ሲነሣ ገና ሳይናገር የሚስቁ ነበሩ፤ መቼም እሱ ተነሥቶ ሳያስቅ አይቀመጥም። ያን ቀን ግን ቀልድ አልጀመረም። የልጁን ነገር ተናገረ፤ ማክሰኞን ተናገረ፤ የአፋፏን ቁራጭ መሬት ተናገረ። «ሰው የሚያዋስነኝ በታች በኩል ብቻ ነው» ሲል ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ሄደ።

ወልደ ሰንበት ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ዳቦውን መሶቡ ላይ መልሶ አስቀመጠ።

«ልጅህ ሐኪም ትሁን፤ ጠልቼ አይደለም» አለ። «የእናቷን ቃሬዛ ይዤ ስሮጥ አብራኝ የሮጠች ልጅ ናት። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ ታዘበው። ይሄ ቃል ለአንድ ወረቀት ብሎ የሚፈታ ከነበረ፣ ባዘዘው በምን ሞተ?»

አርባ ሰው አሰልፎ የሚያስምለው፣ ተጣልተው የመጡ ባልና ሚስት አስቆ የሚሸኘው ታዘበው፣ ያን ቀን ሳያስቅ ተቀመጠ። ወልደ ሰንበት ተነሥቶ ጋቢውን ተከናንቦ ሄደ።

«ግዝት ቢሆን እኔ በፈታሁት» አሉ ቄሰ ገበዙ ቀስ ብለው። «መሐላ ግን የማሉት ሁሉ ተስማምተው ነው የሚፈቱት። አንዱ ከቀረ ታስሮ ይኖራል።»

ከሰንበቴው ሲበተኑ ማንም አብሮት አልሄደም። ጠልተውት አይደለም፤ ምን እንደሚሉት አጥተው ነው። ታዘበው ብቻውን በመቃብሩ በኩል አለፈ። አባቱ መንግስቴ የተቀበረው እዚያ ነው፤ ከጎኑ ለእሱ ብሎ በልቡ የያዛት ቦታ አለች። ቆሞ አያት። ሞቱን አልፈራም። የፈራው አስከሬኑ ደጅ ተቀምጦ፣ ታንጉት በየቤቱ እየዞረች «ኧረ እባካችሁ» ስትል ነው። ይህን ሲያስብ፣ እውነት ለመናገር፣ አለቀሰ። የወለደ አይጸድቅም ይባላል። ታዘበው እስከዚያ ቀን ተረት ይመስለው ነበር።

ሰኞ ማለዳ ስሜነሽን ቀሰቀሳትና «ሣጥንሽን በቅሎዋ ላይ ጫኚ» አላት።

«አያ ወልደ ሰንበት ፈቀዱ?»

«አልፈቀደም።»

«ታዲያ ምን ልናደርግ ነው?»

«ዝም ብለሽ ጫኚ።»

ምን እንደሚል እሱም አያውቅም ነበር። ስሙን ይሰጣል፣ ይሄ ተቆርጧል፤ የራሱ ሬሳ የራሱ ጉዳይ ነው። ግን የወልደ ሰንበትን ስም ቢሰጥ፣ አንዴ ልጁን ያስቀበረውን ሰው ሁለተኛ ሊበድለው ነው። ባይሰጥ ልጁ በግማሽ ማስረጃ ትቀራለች። ብቸና እስኪገቡ ድረስ ይህችኑ ሲያገላብጥ ሄደ፤ ከማገላበጥ ብዛት በቅሎዋ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ስትወጣበት አላያትም።

ሣህለ ማርያም መዝገቡን ገልጦ ነጩን ገጽ አስተካከለ።

«ስም?»

«ታዘበው መንግስቴ።»

አለቀ። ምድር አልተሰነጠቀችም። ብዕሩ ወረቀቱን ሲቧጭር ግን ጥርሱን አሳከከው።

«በላይ በኩል?»

«የሚካኤል ደን።»

«በቀኝ?»

«ወንዙ።»

«በግራ?»

«ገደል።»

ሣህለ ማርያም ሳቀ። «ምን ዓይነት መሬት ነው፣ አባባ! በታችስ? በታችም ደመና እንዳይሉኝ።»

ጸሐፊው ቀና ብሎ አየውና ብዕሩን መልሶ ቀለሙ ውስጥ ነከረ። ደጅ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ቃሉ ከታዘበው አፍ የወጣው እሱ ራሱ ሳያስበው ነው።

«ባዘዘው ወልደ ሰንበት።»

ስሜነሽ ዞራ አየችው። አላያትም።

«ባለመሬቱ በሕይወት ያለ ሰው ነው?» አለ ሣህለ ማርያም፤ ለሁሉም የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ ቀና እንኳ አላለም።

«አለ» አለ ታዘበው።

ጸሐፊው ጻፈ። አሸገው። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታ። ዋናው ለስሜነሽ፣ ግልባጩ ለአባትየው። «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አፋፍ ሚካኤል ላይ ሁለት ባለመሬት ይኖራል ማለት ነው» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። አባትና ልጅ አልሳቁም።

ማክሰኞ ጠዋት የጭነት መኪናው ሞተሩ ተነሥቶ ሲያጓራ፣ ስሜነሽ የአባቷን ግልባጭ ገልጣ በጣቷ አሳየችው። ታዘበው ዳዊት ይደግማል፤ የጽሕፈት ቤት የእጅ ጽሑፍ ግን ሐረግ በሐረግ ይሆንበታል።

«ከታች ወደ ላይ ሦስተኛው መስመር፣ አባየ። ይሄ 'ባ' ነው፤ ከዚህ ይጀምራል። ይሄ ደግሞ አባቱ።»

«ድገሚልኝ።»

ደገመችለት። ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «ለአያ ወልደ ሰንበት ይነግሯቸዋል?»

«ከሌላ ሰው አፍ እንዲሰማው ልተው?»

«ቢጣሉስ? ቢ...» ቃሉን አልጨረሰችውም። ወልደ ሰንበት ያለ ጠመንጃው ማሳ እንደማይወጣ እሷም ታውቃለች።

«ሂጂ ልጄ። መኪናው ይሄድብሻል። ተምረሽ ነይ፤ ቃሬዛ የማያስፈልግበት አገር አድርጊልን።»

መኪናው ጭቃውን እየረጨ ወጣ። ታዘበው እስክትጠፋ አያት፣ ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ከተተና ባዶዋን በቅሎ እየሳበ ተመለሰ። ግማሹን መንገድ በልጁ ደስ እያለው፣ ግማሹን በፍርሃት ሄደ። የኋለኛው ግማሽ ረዘመበት።

ወልደ ሰንበትን ያገኘው እዚያው አፋፉ ላይ፣ ማሳው ውስጥ ነው። ምንሽሩን ከግራር ግንድ ላይ ደግፎ በዶማ የውኃ መውረጃ ቦይ ይጠርጋል።

«ሄደች?» አለ ቀና ሳይል።

«ሄደች።»

«አስጻፍኸው እንግዲያ።»

«አስጻፍኩት።»

«ስሜን ሰጠህ።»

«ያንተን አልሰጠሁም።»

ወልደ ሰንበት ዶማውን አቆመ። «በታች በኩል ማን አልህ ታዲያ? በታች ያለሁት እኔ ነኝ።»

«ባዘዘውን አልኩ።»

ወንዙ ሞልቶ ከሥር ያጓራል። ወልደ ሰንበት ዶማውን እንደ ጨበጠ ቆመ፤ ጣቶቹ እጀታው ላይ ነጡ። ታዘበው ወደ ምንሽሩ ላለማየት ታገለ። ከሮጠ ያፍራል፤ ከቆመ ይሞታል።

«ጸሐፊው በሕይወት አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ» አለ። «አለ አልኩት። የሕያው ሰው ስም ላለመስጠት ብዬ የሙት ስም ሰጠሁ። ልጅህን ሁለተኛ ሸጥሁት ብትል እውነትህን ነው። እንደ ወደድህ አድርገኝ።»

«ወረቀቱ አለ?»

ታዘበው ከደረቱ አውጥቶ ጨርቁን ፈታ። ወልደ ሰንበት ዶማውን ጣለ፣ መዳፉን በቁምጣው ላይ ደጋግሞ ጠረገና ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለ። ፊደል አልቆጠረም። ገለበጠው፤ መልሶ አቃናው።

«የቱ ጋ ነው?»

«ከታች ወደ ላይ ሦስተኛው። ይሄ ባዘዘው ነው። ይሄ ደግሞ አንተ፣ አባቱ።»

ወልደ ሰንበት አውራ ጣቱን ከስሙ ሥር አድርጎ ቆየ፤ እንዳያጠፋው ፈርቶ ፊደሉን አልነካውም። ጭቃው ሳይጠረግ የቀረበት ጣቱ ጠርዙ ላይ ትንሽ ነጥብ ተወ።

«ስሙ የተጻፈበት ነገር አልነበረኝም» አለ። «መቃብሩም ላይ ድንጋይ ብቻ ነው ያለው። መዝገቡ ላይስ ይኸው አለ?»

«ይኸው አለ።»

«ይቆያል?»

«ካልፋቁት ይቆያል። መሬቱ ከተጻፈ ግን ግብሩ መምጣቱ አይቀርም፤ በእሱም ስም ይመጣል። በእኔ ጣጣ ነውና እኔ...»

«ተው» አለ ወልደ ሰንበት። ወረቀቱን አጥፎ በጨርቁ ጠቀለለው፤ መልሶ ግን አልሰጠውም። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «እኔ ነኝ የምከፍልለት። እሱ ገና ልጅ ነው።»